በ600 ድርሃም የተሸጠው ንጉሥ

ረመዳን ሲገባ የሐዋሳ አመሻሽ መልኩን ይቀይራል። አሞራ ገደል ላይ ዓሣቸውን ሸጠው የጨረሱ አስጋሪዎች ጀልባቸውን አስረው በጊዜ ወደየቤታቸው ያቀናሉ። በየመንደሩ የሳንቡሳ ዘይት ይንጣጣል፤ ቴምር የተላኩ ልጆች ከሱቅ ወደ ቤት ይሮጣሉ። ፀሐይ በሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ ከተማው ለጥቂት ደቂቃ ጸጥ ይላል።

ባለፈው ሳምንት ለኢፍጣር የተጋበዝነው እዚያው ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ከሚኖር አንድ ቤተሰብ ዘንድ ነበር። የቤቱ ትልቅ እናት ገበያ ላይ ቅመማ ቅመም እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ፣ አሁን የልጅ ልጅ የሚያጫውቱ ሴት ናቸው። መግሪብ ተሰግዶ ሾርባው ሲቀርብ ወሬው ወደ አንድ ፋይል ሄደ። እናት የቤታቸውን ካርታ ለማውጣት ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ሲጠኑ ወራት ተቆጥረዋል። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፤ በሌላው ቀን ሲስተም የለም፤ በሦስተኛው ፋይሉ አልተገኘም። ለሻይ የሚሆን ነገር ካልተያዘ ፋይል እግር እንደማያወጣ ጎረቤት መክሯቸዋል። እርሳቸው ግን እምቢ ብለዋል። ጉቦ ሰጪውም ተቀባዩም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የተረገሙ መሆናቸውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ ኖረዋል፤ ጾማቸውን በዚህ ሊያበላሹት አልፈለጉም። ደግሞም ሳቅ ብለው እንደነገሩን፣ የሚሰጡትም የላቸውም።

ይህን ሲያዳምጥ የነበረ አሥር ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጃቸው ድንገት አንድ ጥያቄ ጣለ። መድረሳ ውስጥ የነጃሺን ታሪክ ተምሯል። ከመካ ተሰደው ወደ ሐበሻ የመጡት ሶሓቦች ለንጉሡ ምን ይዘውለት እንደመጡ ማወቅ ፈልጓል። አያቱ ምንም አለመያዛቸውን ነገሩት፤ እጅ መንሻ ይዘው የመጡት ጠላቶቻቸው ነበሩ። ልጁ ታዲያ እንዴት ተሰሙ ብሎ ገና ሲጠይቅ ለኢሻ አዛን ተባለና ለተራዊህ ተነሳን። ጥያቄው ግን አብሮን ወጣ። የዛሬውን ገጻችንን ለነጃሺ የሰጠነው በዚያ ልጅ ምክንያት ነው።

ነጃሺ የሰውዬው መጠሪያ ስም አይደለም። የዐረብ ጸሐፍት የአክሱምን ነገሥታት የሚጠሩበት ማዕረግ ነው፤ ንጉሥና ነጋሢ ከሚሉት የእኛው ቃላት ጋር አንድ ሥር አለው። የሲራ ጸሐፍት ስሙ አስሐማ፣ የአባቱም አብጀር መሆኑን መዝግበዋል። በሳንቲሞቻቸው ከምናውቃቸው የአክሱም ነገሥታት መካከል አርማሕ የተባለው እርሱ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎችም አሉ። አክሱም የራሷን የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ስትቀርጽ የኖረች፣ በአዱሊስ ወደብ በኩል ከባሕር ማዶ ጋር የምትነግድ መንግሥት ነበረች። ክርስትናን ከተቀበለች ወደ ሦስት መቶ ዓመት ይጠጋት ነበር።

የልጅነቱን ታሪክ የምናገኘው ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በዑርዋ በኩል ተላልፎ ኢብን ኢስሐቅ ከመዘገበው ዘገባ ነው። ይህ ዘገባ በየረመዳኑ ከሚነገረው የነጃሺ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚቀር ክፍል ነው። ለእኛ ግን ያለ እርሱ የቀረው አይገባም።

አባቱ ንጉሥ ነበር፤ ከእርሱ በቀር ሌላ ልጅ አልነበረውም። አጎቱ ግን አሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። የአገሪቱ ሹማምንት ተቀምጠው ሒሳብ ሠሩ። አንድ ልጅ ብቻ ያለው ንጉሥ ቢሞት ዙፋኑ ባዶ ሊቀር ይችላል፤ አሥራ ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ቢነግሥ ግን መንግሥቱ ለብዙ ዘመን ይጸናል። እናም ንጉሡን ገድለው ወንድሙን አነገሡ። ነገሩ ጭካኔ ብቻ አልነበረም፤ በእነርሱ ዓይን አገርን ማሰብ ነበር። የልጅ ቁጥር ቆጠሩ፣ የዘመን ርዝመት ገመቱ። በመካከሉ የፈሰሰው ደም የማን እንደሆነና ፍርድ ይገባው እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ወላጅ አልባው ልጅ በአጎቱ ቤት አደገ። ብልህ ሆነ፣ አጎቱም ወደደው፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ በጉዳዩ ሁሉ ያማክረው ጀመር። ያን ጊዜ ሹማምንቱ ፈሩ። ይህ ልጅ ነገ ቢነግሥ የአባቱን ደም ይጠይቀናል ብለው ከንጉሡ ፊት ቀረቡና ወይ እንዲገድለው ወይ ከአገር እንዲያወጣው ጠየቁ። አጎቱ ትናንት አባቱ ተገድሎ ሳለ ዛሬ ልጁን መግደል ከበደው፤ ከአገር ለማስወጣት ግን እሺ አለ። ልጁ ወደ ገበያ ተወሰደና ለአንድ ነጋዴ በ600 ድርሃም ተሸጠ። ነጋዴውም በጀልባ ጭኖት ሄደ።

በዚያው ምሽት ደመና ተሰበሰበ። አጎቱ ዝናቡን ሊመለከት ወጣ፤ መብረቅ መታውና ሞተ። ሹማምንቱ ወደ አሥራ ሁለቱ ልጆች ሮጡ። አንዱም ለንግሥና የሚበቃ አልነበረም፤ ያ ሁሉ ሒሳብ ከንቱ ቀረ። አገሪቱ ስትታመስ ጊዜ የሸጡትን ልጅ ያስታወሱት ራሳቸው ነበሩ። ነጋዴውን አሳድደው ደረሱበት፣ ልጁን ከእጁ ነጥቀው አመጡት፣ ዘውድ ደፉለት፣ ዙፋን ላይ አስቀመጡት። የነጋዴውን ገንዘብ ግን አልመለሱለትም።

ነጋዴው ተከትሎ መጣና ወይ ገንዘቤን ወይ ባሪያዬን አለ። ሹማምንቱ ሁለቱንም ከለከሉት። ጉዳዩን ለንጉሡ ለመንገር ጠየቀ፤ ምን ያመጣል ብለው ተዉት። ነጋዴው ንጉሡ ፊት ቆሞ ከእነዚህ ሰዎች በገበያ አንድ ባሪያ መግዛቱን፣ ገንዘቡን መክፈሉን፣ በኋላ ግን ባሪያውን ነጥቀው ገንዘቡንም እንደከለከሉት ተናገረ። የሚናገርለት ባሪያ ከፊቱ ዙፋን ላይ ተቀምጧል። ንጉሡም ሹማምንቱን ተመልክቶ ወይ ለነጋዴው ገንዘቡን እንዲሰጡት፣ አለዚያ ባሪያው እጁን በጌታው እጅ ላይ አኑሮ ወደሚወስደው እንደሚሄድ ነገራቸው። ገንዘቡን ከፈሉት።

የነጃሺ የመጀመሪያው የፍትሕ ፈተና ይኸው እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግራለች። እዚህ ላይ ትንሽ መቆም እንፈልጋለን። ከሳሹ ዘመድም ጋሻም የሌለው ነጋዴ ነው። ተከሳሾቹ ደግሞ ትናንት ዘውድ የደፉለት፣ ነገም ሊያወርዱት የሚችሉት ሰዎች ናቸው። ንጉሡ ዝም ቢል የሚጎዳው ነጋዴው ብቻ ነበር፤ ቢፈርድ ግን በአደባባይ ባሪያ ሆኖ መሸጡን ማመን አለበት። እርሱ ውርደቱን መረጠ።

ነጋዴው ባዶ እጁን ቢመለስ ኖሮ ምን እንደሚሆን ለመገመት ምሁር መሆን አያስፈልግም። አንዴ የተዘረፈ ነጋዴ ሁለተኛ ወደዚያ ገበያ አይመጣም፤ ለጓደኞቹም ይነግራል። ሌላ ወደብ ይፈልጋል። በወደቡ ዕቃ ጭኖና አውርዶ የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው ሠራተኛ በቤተ መንግሥት የተፈጸመውን ግፍ ሳይሰማ ልጆቹ ጦም ያድራሉ። አገር ሲደኸይ ብዙውን ጊዜ ድርቁና ወረርሽኙ ይወራል፤ ያልተመለሰ 600 ድርሃም አይወራም።

አሁን ወደ መካ እንሻገር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ኢስላም በጠሩ በአምስተኛው ዓመት፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ የቁረይሽ መሳፍንት በአማኞች ላይ ያደርሱት የነበረው ስቃይ ከልክ አለፈ። ጎሣና ተቆርቋሪ የሌላቸው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ተገረፉ፣ በጋለ አሸዋ ላይ ተጋደሙ። ነቢዩም ባልደረቦቻቸው ወደ ሐበሻ እንዲሄዱ መከሩ፤ በዚያ እርሱ ዘንድ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ መኖሩን ነገሯቸው። ለሐበሻ የተሰጠው ምስክርነት ስለ ወርቋም ስለ ወደቧም አልነበረም፤ ስለ ፍርዷ እንጂ።

በመጀመሪያው ጉዞ አሥራ አንድ ወንዶችና አራት ሴቶች እንደወጡ ይነገራል። ከእነርሱም ዑስማን ኢብን ዐፋንና ባለቤቱ፣ የነቢዩ ልጅ ሩቅያ (ረ.ዐ) ይገኙበታል። አንዳንዱ በእግሩ፣ አንዳንዱ በግመል ሹዐይባ ወደብ ደረሱና በሁለት የነጋዴ ጀልባዎች በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ። በሁለተኛው ጉዞ ቁጥሩ ጨምሮ ከሰማንያ በላይ ወንዶችና አሥራ ስምንት ያህል ሴቶች ሆነ። መሪያቸው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ነበር። ቤታቸውን፣ ግመላቸውን፣ ገበያቸውን ጥለው ነው የመጡት።

ቁረይሾች ይህን ሲሰሙ ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን መልእክተኛ አድርገው ላኩ። ዐምር በኋላ ሰልሞ የግብፅ ገዥ የሆነው ሰው ነው፤ በብልሃቱ የታወቀ ነበር። አብረዋቸው የተላከው ንብረት በሐበሻ ሹማምንት ዘንድ ከመካ ዕቃዎች ሁሉ ይልቅ የሚወደደው የተለፋ ቆዳ ነው። አሰጣጡም ዕቅድ ነበረው። ከንጉሡ ጋር ከመነጋገራቸው በፊት ከጦር አለቆቹ አንድም ሳይቀር ለእያንዳንዱ የድርሻውን ሰጡ። በምላሹ የጠየቁት ነገር ትንሽ ይመስላል፦ ጉዳዩ ሲነሳ ሹማምንቱ ንጉሡን ስደተኞቹን ሳያነጋግር አሳልፎ እንዲሰጥ እንዲመክሩት ብቻ።

ዐምር ከሁሉ አስቀድሞ የፈራው ስደተኞቹ እንዳይናገሩ ነበር። ፍርዱ እንዲዛባ አልጠየቀም፤ ችሎቱ እንዳይኖር ነው የጠየቀው። ጉቦ የሚሠራውን ሥራ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ እኛ አናውቅም። ድሃው ገና በር ላይ ሳለ ጉዳዩ ውስጥ ተዘግቷል። የሐዋሳዋ እናት ፋይል የማይገኘውም እንዲህ ባለ መንገድ ሊሆን ይችላል።

መልእክተኞቹ ለንጉሡም ድርሻውን አቅርበው ተናገሩ። ሹማምንቱም በተባሉት መሠረት መሰከሩ፤ የእነዚህን ሰዎች ነገር ወገኖቻቸው ያውቃሉና ይመለሱላቸው አሉ። ንጉሡ ተቆጣ። አገሩን መርጠው፣ ከሌሎች ይልቅ እርሱን ተጠግተው የመጡ ሰዎችን ጠርቶ ሳይጠይቅ አሳልፎ እንደማይሰጥ ማለ። ነገሩ እንደተባለው ከሆነ ይመልሳቸዋል፤ ካልሆነ ግን ይጠብቃቸዋል።

ስደተኞቹ ተጠሩ። የሃይማኖት አባቶቹ መጻሕፍታቸውን ዘርግተው በንጉሡ ዙሪያ ተቀመጡ። ጃዕፈር (ረ.ዐ) ተነስቶ ቀድሞ የነበሩበትን ሕይወት ዘረዘረ፤ ጣዖት ማምለካቸውን፣ በክት መብላታቸውን፣ ዝምድና መቁረጣቸውን፣ ከመካከላቸው ብርቱው ደካማውን ይበላ እንደነበር ተናገረ። ነቢዩ ከዚያ አውጥተው እውነት መናገርን፣ አማናን መመለስን፣ ጎረቤትን ማክበርን፣ የየቲምን ገንዘብ አለመብላትን እንዳስተማሯቸው አስረዳ። ንግግሩን ልብ ብሎ ላነበበ ሰው ከእምነቱ ቀጥሎ አብዛኛው ስለ ፍትሕ ነው። አባቱን ተነጥቆ ራሱም ተሸጦ ያደገ ንጉሥ የየቲም ነገር ሲነሳ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። ከዚያም ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ሲቀራለት ንጉሡ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ፤ የሃይማኖት አባቶቹም አለቀሱ።

ዐምር ተስፋ አልቆረጠም። በማግሥቱ ተመልሶ ስደተኞቹ ስለ ዒሳ ከባድ ነገር እንደሚናገሩ ለንጉሡ አሳበቀ። ያች ሌሊት ለስደተኞቹ ከሁሉ የከፋች ነበረች፤ የሚድኑበትን ቃል አሳምረው መናገር ይችሉ ነበር። ነገር ግን የሚያምኑትን ብቻ ሊናገሩ ተስማሙ። ጃዕፈር ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግል መርየም የተጣለ ቃሉ መሆኑን ገለጸ። ንጉሡ ከመሬት አንድ እንጨት አንስቶ በተባለውና በእውነቱ መካከል የዚህን እንጨት ያህል እንኳ ልዩነት እንደሌለ ተናገረ። ሹማምንቱ አጉረመረሙ፤ ቢያጉረመርሙም ከቃሉ ንቅንቅ አላለም። ለስደተኞቹ በአገሩ በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደ። የሰደባቸው ሰው ካሣ እንዲከፍል ደነገገ፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ ደጋገመው። የመልእክተኞቹ ስጦታ እንዲመለስላቸው አዘዘ። ምክንያቱንም ከራሱ ሕይወት ነው ያመጣው፦ አላህ መንግሥቱን ሲመልስለት ከእርሱ ጉቦ አልተቀበለም፤ እርሱም በዚህ መንግሥት ላይ ጉቦ አይቀበልም።

ሐዋሳ ላይ ይህን ስናወጋ ከእንግዶቹ አንዱ የሆኑ የሲዳማ ሽማግሌ ነገሩ በእነርሱም ባህል እንዳለ ነገሩን። አፊኒ በሚባለው የሲዳማ የእርቅ ሥርዓት ነገሩን ከሁሉም ወገን ሳይሰሙ መፍረድ ነውር ነው፤ የሚፈለገውም ሃላሌ፣ ማለትም እውነቱ ነው። ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን እስኪያዳምጥ ፀሐይ ልትጠልቅ ትችላለች። ወረፋው ይረዝማል እንጂ ማንም ሳይሰማ አይሄድም።

ነጃሺ ለዚህ ሁሉ ዋጋ ከፍሏል። ስደተኞቹ በሰላም ሲኖሩ ሥልጣኑን የሚቀናቀን ሰው ተነሳበት። ከስደተኞቹ መካከል ከነበሩት ሴቶች አንዷ ኡሙ ሰላማ (ረ.ዐ) በኋላ ስታወራ፣ እንደዚያን ቀን ያዘኑበት ጊዜ እንዳልነበረ ተናግራለች። የሚመጣው ሰው የነጃሺን ያህል መብታቸውን አያውቅላቸውም ብለው ፈሩ። ከሁሉ በዕድሜ የሚያንሰው ዙበይር (ረ.ዐ) በአየር የተነፋ አቁማዳ ደረቱ ላይ አስሮ ወንዙን እየዋኘ ተሻገረና ውጊያውን ሊመለከት ሄደ። የቀሩት ዱዓ ሲያደርጉ ቆዩ። ዙበይር ልብሱን እያውለበለበ የድሉን ዜና ይዞ ተመለሰ። በሌላ ዘገባ እንደሚነገረው ንጉሡ ወደ ውጊያው ከመውጣቱ በፊት ለስደተኞቹ ጀልባዎች አዘጋጅቶ ነበር፤ እርሱ ቢሸነፍ ወደሚፈልጉበት እንዲሄዱ። ዙፋኑ ሊወሰድ በተቃረበ ሰዓት እንኳ ስለ እንግዶቹ መውጫ ያስባል።

ስደተኞቹ እንዲህ ሆነው ዓመታት ኖሩ። ምግብና ልብስ እንዲሰጣቸው ማዘዙ በአንዳንድ ዘገባዎች ተጠቅሷል። ልጆችም ወለዱ፤ በኋላ በቸርነቱ ስሙ የገነነው የጃዕፈር ልጅ ዐብዱላህ የሐበሻ ተወላጅ ነው።

ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ባሏ በስደት ሳለ ሲሞትባት ነቢዩ ለጋብቻ በነጃሺ በኩል ጠየቋት። ንጉሡ ውክልናውን ተቀብሎ 400 ዲናር መህር ከራሱ ከፈለ። የምሥራቹን ያደረሰችላት አብረሃ የምትባል የቤተ መንግሥት አገልጋይ ነበረች። ኡሙ ሐቢባ በደስታ የብር አምባሯን አውልቃ ሰጠቻት። መህሩ ሲመጣ ደግሞ 50 ዲናር ልትጨምርላት ፈለገች። አብረሃ ግን አልተቀበለችም፤ የቀደመውንም መለሰች። ምንም እንዳትወስድ ንጉሡ አዟት ነበር። ጦር አለቆቹ ቆዳውን ሲቀበሉ እጃቸው ያልተንቀጠቀጠበት ቤተ መንግሥት ውስጥ ለአንዲት ሴት አገልጋይ የደስታ ስጦታ እንኳ ተከልክሏል። ክልከላው በዛ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ብለን ነበር፤ ጉቦና ምርቃት የሚለዩበት መስመር የት እንደሆነ ስናስብ ግን አሳባችንን ቀየርን።

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ628 እ.ኤ.አ.፣ ነጃሺ በሁለት ጀልባዎች አሳፍሮ ጃዕፈርንና የቀሩትን ወደ መዲና ላካቸው። ኸይበር ላይ ሲደርሱ ነቢዩ በጃዕፈር መምጣት ይበልጥ መደሰታቸውን ወይስ በኸይበር መከፈት መለየት እስኪያቅታቸው ተደሰቱ።

ነጃሺ በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ረጀብ ወር ላይ ሞተ፤ በ630 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። በዚያው ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደግ ወንድማቸው መሞቱን ለሶሓቦች ነገሩ። ወደ መስገጃው ሜዳ ወጥተው ሰልፍ አስያዟቸው፣ አራት ጊዜ ተክቢራ ብለው በሌለበት ሰገዱለት። መቃብሩ በትግራይ ከውቅሮ በስተሰሜን ነጋሽ እንደሆነ ይነገራል። እዚያ ያለው መስጊድ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበት እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል።

ሰላተል ጋኢብ፣ በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደው ሰላት፣ መነሻው ይህ ነው። ዛሬ በሐዋሳም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ከጁምዓ በኋላ ይሰገዳል። ብዙ ጊዜ የሚሰገድላቸው ወጣቶች ናቸው። በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ መንገድ ላይ የቀሩ፣ ወይም በግማሽ ዲናር ሶሓቦች ወደ እኛ የተሻገሩበትን ያንኑ ባሕር በተቃራኒው ወደ የመን ሲሻገሩ የሰመጡ። እናቶቻቸው አስከሬን አላገኙም።

ይህን ጽሑፍ ስንጨርስ ወደ ሐዋሳ ደውለን ነበር። ፋይሉ ገና አልተገኘም። ስልኩን ያነሳው ልጁ ነው፤ ሌላ ጥያቄ ይዞ ጠበቀን። ንጉሡ ስጦታው ይመለስ ካለ በኋላ ጦር አለቆቹም የየድርሻቸውን ቆዳ መልሰው እንደሆነ ሊያውቅ ፈልጓል።